ከወሊድ ስትመለሺ የሚሰጡሽ ወረቀት ላይ ከመፈረምሽ በፊት

መጀመሪያ ቀን ቁጠሪ። የወለድሽበትን ቀን ያዢና ከእሱ ተነስተሽ አራት ወር ወደፊት ሂጂ፤ የደረስሽበትን ቀን በስልክሽም በግድግዳ ካላንደርሽም ላይ ምልክት አድርጊበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 87 አሠሪ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን፣ ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ፣ ከሥራ እንዳያሰናብት ይከለክላል። በአንቀጽ 88 ደግሞ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጥሻል፤ ከመውለድሽ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን። እስኪ ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። ፈቃዱ በሦስተኛው ወር ያልቃል፣ ጥበቃው እስከ አራተኛው ይዘልቃል። በመካከላቸው አንድ ወር ገደማ አለ። ሥራሽን የምታስከብሪው ወይም የምታጪው በአብዛኛው በዚያች ወር ነው።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ ለሰው ማመልከቻና ክስ የምጽፍ ሴት ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ቀደም ሲል በሐይቁ ዳር ሆቴል ውስጥ ስሠራ የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ ያወቅሁት እዚያ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት እናቶች ሕፃኑን አዝለው፣ እናታቸውን ወይም እህታቸውን አስከትለው ነው። እንግዳ ተቀባይ አለች፣ የግል ክሊኒክ ገንዘብ ተቀባይ አለች፣ የአፀደ ሕፃናት መምህርት አለች፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛ አለች። አብዛኞቹ የሚመጡት ከፈረሙ በኋላ ነው፤ አንጀቴን የሚበላኝም ይኸው ነው። ሕጉ ብዙ ሰጥቷቸው ሳለ፣ በአንድ ፊርማ ግማሹን አስረክበው ይመጣሉ።

ይህ አዋጅ የሚመለከተው በግል ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በግል ትምህርት ቤትና በመሳሰለው የተቀጠረችውን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆንሽ የራስሽ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አለሽ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው በቀጥታ አይሠራልሽም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እወቂው። የአራት ወሩ ጥበቃ ፍጹም አይደለም። ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር የማይገናኝ ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት ከሠራሽ፣ ወይም ድርጅቱ በአንቀጽ 29 መሠረት እውነተኛ የሠራተኛ ቅነሳ ካካሄደ፣ ጥበቃው ሊነሳ ይችላል። አሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ «ቅነሳ» የሚለውን ቃል ይወዱታል። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስቱ ወረቀቶች

በዚያች ወር ውስጥ አሠሪው እንዲሁ ተነስቶ ሊያሰናብትሽ ስለማይችል ሌላ በር ይፈልጋል። በሩ ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው፤ የሚፈረመውም በአንቺ እጅ ነው።

የመጀመሪያው መልቀቂያ ነው። «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» የሚል። «አንቺም ሕፃን ይዘሻል፣ ትደክሚያለሽ፣ በሰላም እንለያይ፣ የሥራ ልምድሽን ጥሩ አድርገን እንጽፍልሻለን» ይሉሻል። ይህን ከጻፍሽ ካሳ የለሽም፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ የለሽም፤ የሥራ ስንብት ክፍያውም ቢሆን በገዛ ፈቃዷ ለምትለቅ የሚከፈለው አምስት ዓመት ካገለገለች ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ እንደሆነ ሕጉ ያለ ክፍያ እንዲሰጡሽ የሚያስገድዳቸው ነው፤ በምንም አትግዢው። «ተስማምተን ተለያየን» የሚል ወረቀትም ቢሆን በአንቀጽ 25 መሠረት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በሕግ ያገኘሽውን መብት ትቻለሁ ብትዪበት እንኳ ያ መተው ዋጋ የለውም። ይህን የምነግርሽ ፈርመሽ ከሆነ ተስፋ እንዳትቆርጪ ነው።

ሁለተኛው አዲስ ውል ነው። ቀድሞ ቋሚ የነበርሽውን የስድስት ወር ኮንትራት ያቀርቡልሻል፤ ወይም ያው ሥራ ሆኖ ደመወዙ ዝቅ ያለ፤ ወይም «እንደ አዲስ የሙከራ ጊዜ ትጀምሪያለሽ» የሚል። ሦስቱም ላይ አዋጁ መልስ አለው። በአንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ነው፦ የተወሰነ ሥራ ለማከናወን፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረ ሠራተኛን ለመተካት፣ ወቅታዊ ለሆነ ሥራ፣ እነዚህን ለመሰሉት። አንቺ የምትሠሪው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሥራ ከሆነ ወረቀቱ «ስድስት ወር» ስላለ ብቻ የስድስት ወር አይሆንም። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ሲሆን፣ በዚያው አሠሪ ዘንድ ወደዚያው ሥራ የምትመለስ ሠራተኛ ዳግመኛ ለሙከራ አትቀጠርም። ደመወዝንና የሥራ መደብን የመሰሉ የውል ሁኔታዎች ደግሞ በአንቀጽ 15 መሠረት የሚለወጡት በኅብረት ስምምነት፣ በሕግ አግባብ በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ነው። የአለቃ የቃል ትእዛዝ ከእነዚህ ውስጥ የለም። የባለቤት መለወጥም የለም፤ ሆቴሉ ወይም ፋብሪካው ቢሸጥ፣ ከሌላው ጋር ቢቀላቀል ውልሽ እንዳለ ይቀጥላል።

አዲሱ ውል ሌላም ነገር ይበላል፤ የቀድሞ ዓመታትሽን። የስንብት ክፍያ በአገልግሎት ዘመን ስለሚሰላ፣ የቅጥር ቀኑ ዛሬ ተብሎ የተጻፈ ውል ላይ ስትፈርሚ ያለፈውን ሁሉ እንዳልነበረ ለማድረግ በር ትከፍቻለሽ።

ሦስተኛው «እድገት» ተብሎ የሚመጣው ነው፤ ከሁሉ የምፈራውም እሱን ነው፤ ሰው ደስ ብሎት ይፈርማልና። «ሱፐርቫይዘር አድርገንሻል» ወይም «የክፍል ኃላፊ ሆነሻል» ይሉሽና ውሉ ውስጥ «የሥራ መሪ» የሚል ቃል ይገባል። አዋጁ የሥራ መሪን አይሸፍንም። የሥራ መሪ የሆነ ሰው የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው፣ ወይም በእንዲህ ያለ ጉዳይ ለአሠሪው የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ነው። የሁለት ልጆችን ፈረቃ የምታወጣ የካፌ ተቆጣጣሪ የሥራ መሪ አትባልም፤ ፍርድ ቤትም የሚመለከተው የሠራሽውን ሥራ ነው። ቢሆንም ያን ክርክር ከመጀመሪያው አታምጪው፤ ቃሉን ከውሉ እንዲያወጡት ጠይቂ።

ማናቸውም ቢመጡ በዚያው ቀን አትፈርሚ። «ቤት ወስጄ ላንብበው» በዪ። ኮፒ ካልሰጡሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። «ዛሬ ካልፈረምሽ ነገ አትምጪ» ካሉሽ፣ ያሉሽን ቃል፣ ሰዓቱንና በቦታው የነበረውን ሰው ከቢሮው እንደወጣሽ ጻፊ። ነገም በሰዓትሽ ሂጂ።

ላውንደሪ የተላከችው እህት

በጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ወልዳ፣ ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ ወንበሯ ላይ እሷ ስትወጣ በምትኳ የተቀጠረችው ልጅ ተቀምጣለች። የሰው ኃይል ኃላፊው አስገባትና «እንግዳ እንደሌለ አንቺም ታውቂያለሽ። ሪሴፕሽን ላይ ቦታ የለም፤ ላውንደሪ ግቢ፤ ደመወዙ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ካልተስማማሽ መልቀቂያ ጻፊ» አላት።

እንግዳ መቀነሱ ውሸት አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት የከተማችንን ቱሪዝም ምን እንዳደረገው የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው የለም፤ ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው ያመላልሱ የነበሩ ጀልባዎች ታስረው ሲውሉ እናያለን። ሕጉም ቢሆን የሥራ መቀዛቀዝን ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። ስለዚህ «እንግዳ አለ፣ የለም» ብላ ብትከራከር ኖሮ ትረታ ነበር። ከእኔ ጋር ቁጭ ብለን ያገኘነው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቦታው ከሌለ ያቺ ልጅ የተቀመጠችው የማን ቦታ ላይ ነው? ምትክ ሆና የመጣች ሠራተኛ ውሏ የተመሠረተው በባለመደቧ አለመኖር ላይ ነው። ምትክ እስካለች መደቡ አለ፤ መደቡ ካለ ባለቤቱ አለች። (ለልጅቷም አዝናለሁ፤ ውሏ በግልጽ «በምትክነት» ተብሎ የተጻፈ ስለነበር የምትሄድበትን ጊዜ አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ ብዙዎች ግን ይህ እንኳ አይነገራቸውም።)

ደብዳቤው አጭር ነበር። አንቺም እንዲህ አድርገሽ ልትጽፊው ትችያለሽ፦

ለ… ሆቴል የሰው ኃይል አስተዳደር
ባሕር ዳር
ጉዳዩ፦ በሥራ መደቤ ላይ እንድቀጥል ስለመጠየቅ
እኔ ስሜ ከታች የተጠቀሰው ሠራተኛ ከ… ዓ.ም. ጀምሮ በእንግዳ ተቀባይነት መደብ ላልተወሰነ ጊዜ በተደረገ ውል ተቀጥሬ እየሠራሁ እገኛለሁ። በ… ቀን ወልጄ፣ የወሊድ ፈቃዴን በ… ቀን አጠናቅቄ ሥራ ለመጀመር ተገኝቻለሁ። በዚሁ ቀን ወደ ላውንደሪ ክፍል እንደተዛወርኩና ደመወዜ እንደሚቀነስ በቃል ተነግሮኛል። መደቤ አሁንም በምትክ ሠራተኛ እየተሠራበት ነው። የተነገረኝ ለውጥ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 15 መሠረት በጽሑፍ ያልተስማማሁበት በመሆኑ አልቀበለውም። በመደቤና በደመወዜ እንድቀጥል፣ ሌላ ውሳኔ ካለም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። እስከዚያው በየቀኑ በሥራ ቦታዬ እገኛለሁ።

ሁለት ኮፒ ታደርጊና አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተሽ፣ በሌላው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ታስደርጊበታለሽ። ያ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ያንቺ ነው፤ ላሚኔት አታስደርጊው፣ ዝም ብለሽ በፕላስቲክ አስቀምጪው። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ ላኪውና ደረሰኙን ያዢ።

ያቺ እህት መልሱ ሲዘገይባት የደብዳቤዋን ኮፒ ይዛ ወደ ከተማው ሥራና ስልጠና መምሪያ ሄደች፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ «ሠራተኛና ማኅበራዊ» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ወደ መደቧ መለሳት። ሁሉም እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ማለቴ አይደለም። በጽሑፍ የተጠየቀ አሠሪ ግን በጽሑፍ መመለስ አለበት፤ በጽሑፍ «ወልደሽ ስለመጣሽ» ብሎ የሚመልስ ደግሞ የለም። ያኔ እውነተኛ ምክንያት ማቅረብ ይኖርበታል፤ ከሌለው ይተወዋል።

ሆቴል ለምትሠሪ አንድ ነገር ልጨምር። «ደመወዝሽ አልተነካም» እያሉ ሰርቪስ ቻርጅ ወደማይደርስበት ክፍል ማዛወር የተለመደ ነው። በአዋጁ ትርጉም ሰርቪስ ቻርጅ፣ ቦነስ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የትራንስፖርት አበል «ደመወዝ» ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ክርክርሽን በደመወዝ መቀነስ ላይ ብቻ አትመሥርቺው፤ መደቤ ተለውጧል በዪ። የሌሊት ፈረቃንም ብዙዎች ይጠይቁኛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት የተከለከለው ነፍሰ ጡርን ነው፤ ከወለድሽ በኋላ ይህ ክልከላ ስለማይጠብቅሽ፣ ጡት እያጠባሽ ሌሊት መግባት የማትችዪ ከሆነ ከአሠሪሽ ጋር ተነጋግረሽ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጊው።

«ቅነሳ ነው» ሲሉሽ

ስንት ሰው ተቀነሰ? ይህን ጥያቄ ሳትጠይቂ ከቢሮው አትውጪ።

በአንቀጽ 29 «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚባለው ቢያንስ ከድርጅቱ ሠራተኞች 10 በመቶውን፣ ሠራተኞቹ ከ20 እስከ 50 በሆኑበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው የሚነካ፣ ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ የሚቆይ ሲሆን ነው። 60 ሠራተኛ ባለው ሆቴል ቢያንስ ስድስት ሰው መቀነስ አለበት፤ 30 ባለው፣ አምስት። አንቺን ብቻ ጠርተው «ተቀንሰሻል» ካሉ ያ በሕጉ አነጋገር ቅነሳ አይደለም። የአራት ወሩን ጥበቃ የሚያነሳው ደግሞ ያ እውነተኛው ቅነሳ ነው። ስለዚህ ከወለድሽ አራት ወር ሳይሞላሽ አንቺ ብቻ ተለይተሽ ከተቀነስሽ፣ ይህን አንድ ነጥብ ክስሽ ላይ ከሁሉ በፊት አስቀምጪው።

እውነተኛ ቅነሳም ቢሆን ሥርዓት አለው። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። ሙያና የተሻለ የሥራ ውጤት ያላቸው እንዲቆዩ ቅድሚያ ይሰጣል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ ደግሞ ተራው ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚነካው አጭር አገልግሎት ያለውን ነው፣ ከዚያ ጥቂት ጥገኛ ያለውን፣ እያለ ይሄዳል፤ ነፍሰ ጡሮችን ከተራው መጨረሻ ነው ያስቀመጣቸው። ጥገኛ የሚለውን ልብ በዪው። አዲስ የተወለደው ልጅሽ በሰው ኃይል ማኅደርሽ ውስጥ ካልተመዘገበ በዚያ ተራ ላይ አይቆጠርልሽም። የልደት ምዝገባ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌው ወሳኝ ኩነት የሚደረግ ነው፤ ከአራስ ቤት ስትወጪ አስመዝግቢና የምስክር ወረቀቱን ኮፒ በማስረከቢያ ደብዳቤ ለድርጅቱ ስጪ። ያው ወረቀት የወለድሽበትን ቀንም ያለ ክርክር ያረጋግጥልሻል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

አራት ወሩ ካለፈ በኋላስ? ራቁትሽን አትቀሪም። አንቀጽ 26 እርግዝናን፣ ፆታን፣ የጋብቻ ሁኔታንና የቤተሰብ ኃላፊነትን ለስንብት ምክንያት ማድረግን በማንኛውም ጊዜ ይከለክላል። መብትሽን ስለጠየቅሽ፣ ቅሬታ ስላቀረብሽ ማሰናበትም እንዲሁ ሕገ ወጥ ነው። አንዳንድ አሠሪ አራት ወሩ በሞላ ማግስት ደብዳቤ ያወጣል፤ የቀኑ መጠጋጋት ራሱ ለዳኛ የሚያሳየው ነገር አለ።

ደግሞ ደብዳቤም ሳይሰጡ «ለጊዜው ቤትሽ ቆዪ፣ ስንፈልግሽ እንደውልልሻለን» የሚሉ አሉ። በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራን ለጊዜው ማገድ በሕግ ይቻላል፤ ነገር ግን አሠሪው በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። ይህ ካልተደረገ አንቺ ለመሥራት ዝግጁ ሆነሽ ሥራ ያጣሽው በአሠሪው ምክንያት ነውና ደመወዝሽ ይቀጥላል። ቤት ቁጭ ብለሽ ስልክ አትጠብቂ፤ «ከሥራ ቀርታለች» ብለው ማኅደርሽ ውስጥ ሌላ ወረቀት ያስገባሉ። በማግስቱ ሂጂ፤ ዘበኛው ከመለሰሽ ለኃላፊው በስልክ መልእክት «ዛሬ በ2 ሰዓት መጥቼ እንዳልገባ ተከልክያለሁ» ብለሽ ጻፊ።

ገንዘቡን አብረን እናስላ

ደመወዝሽ 9,000 ብር፣ አገልግሎትሽ ስድስት ዓመት ነው እንበል። የቀን ደመወዝሽ 300 ብር ይመጣል። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ 9,000 ብር። ለተከታዩ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ 3,000 በአምስት፣ 15,000 ብር። ድምሩ 24,000 ብር ነው። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ መብለጥ የለበትም፤ ያንቺ ገና ሩቅ ነው። የተሰናበትሽው በአንቀጽ 29 ቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርልሻል፤ 18,000 ብር። አሁን 42,000 ብር ሆነ። ይህ ከማስጠንቀቂያ ጊዜው የተለየ ነው። ማስጠንቀቂያው እስከ አንድ ዓመት ላገለገለች አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ በላይ ሦስት ወር ነው፤ በቅነሳ ለምትሰናበት ሁለት ወር። በጽሑፍ፣ ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ተገልጾ፣ ለራስሽ በእጅ መሰጠት አለበት።

ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ይለወጣል። የወሊድ ፈቃድ ከዓመት ፈቃድ ላይ አይቀነስም፤ «አራት ወር አርፈሻል፣ ፈቃድሽ አልቋል» የሚል ኃላፊ ከገጠመሽ አትቀበዪው።

ስንብቱ ሕገ ወጥ መሆኑን ፍርድ ቤት ካረጋገጠ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። ወደ ሥራ እንድትመለሺ ሊወሰን ይችላል፤ ምክንያቱ በአንቀጽ 26 ከተከለከሉት፣ ለምሳሌ እርግዝና፣ ከሆነ መመለሱ ያንቺ ምርጫ ነው፤ ካልፈለግሽ ካሳውን ትወስጃለሽ። ስትመለሺ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወስንልሽ ይችላል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረች ካሳው የቀን ደመወዝ በ180 ተባዝቶ ነው፤ ባንቺ ስሌት 54,000 ብር፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያም ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት «አምስት ሺህ ብር እንስጥሽና እንለያይ» ሲሉሽ ምን ያህል እየጠየቁሽ እንደሆነ እንድታውቂው ነው።

ማስረጃ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት

«ውል የለኝም» ብለሽ አትፍሪ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥር ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት ነበረበት፤ አለመስጠቱ ያንቺን መብት አያስቀርም። ደመወዝ ሲገባ ከባንክ የመጣልሽ መልእክት፣ የቴሌብር ታሪክሽ፣ የሥራ መታወቂያሽ፣ በድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ የሚለቀቀው የፈረቃ ፕሮግራም ስምሽ ያለበት ሁሉ ማስረጃ ነው። ከግሩፑ ሳያስወጡሽ በፊት ስክሪንሾት አድርጊውና ኮፒ ቤት ወስደሽ አሳትሚው። የክትትል ካርድሽንና የሐኪም ወረቀትሽን ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጪ። የሥራ ባልደረቦችሽን ምስክር ሁኑኝ ስትዪ ግን እነሱም እንጀራቸው እዚያው እንደሆነ አስቢላቸው፤ ቀድሞ የለቀቀ ባልደረባ ብዙ ጊዜ በነፃነት ይመሰክራል።

መምሪያው ያሉ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሠሪውን ጠርተው ሊያነጋግሩ፣ ሊያስማሙም ይችላሉ፤ ብዙ ጉዳይ እዚያው ያልቃል። አቤቱታሽን ግን በጽሑፍ አስገቢና ቀን አስመቺበት። እነሱን እየጠበቅሽ ደግሞ የይርጋውን ጊዜ አታሳልፊ፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የክፍያ ጥያቄ ስድስት ወር አለው። «ነገ ና፣ ሰኞ ና» እየተባሉ ሦስቱን ወር የጨረሱ እናቶች ሲመጡ መጻፍ የምችለው የገንዘቡን ክስ ብቻ ነው፤ ወንበራቸው ቀርቷል።

ክሱ የሚቀርበው ለወረዳ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ የዳኝነት ክፍያ አትከፍዪም። በክሱ ላይ የተቀጠርሽበት ቀን፣ መደብሽ፣ ደመወዝሽ፣ የወለድሽበት ቀን፣ የተመለስሽበት ቀን፣ የተሰናበትሽበት ቀንና መንገድ በቅደም ተከተል ይጻፋል። ታሪኩን አታርዝሚው፤ የተሰደብሽው ስድብ እዚያ አያስፈልግም። የምትጠይቂውን ዳኝነት ግን አንድም ሳታስቀሪ ዘርዝሪ፤ ወደ ሥራ መመለስና ውዝፍ ደመወዝ፣ ይህ ባይሆን በአማራጭ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ክፍያ፣ የስንብት ክፍያ፣ ያልተከፈለ ደመወዝና የዓመት ፈቃድ፣ ክፍያው ስለዘገየም እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት። አሠሪው ሒሳብሽን ከተሰናበትሽ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል ስለነበረበት ነው ይህ የመጨረሻው። ያልጠየቅሽውን ዳኛ አይሰጥሽም።

ችሎቱ ጉዳዩን በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል፤ ይግባኝ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ጠበቃ መክፈል ካልቻልሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ አቅም ለሌላቸው ነው የተቋቋመው፣ ሳታፍሪ ሂጂ።

ሥራውን ትተሽው ብትሄጂም ሳትረሺ የምትወስጂው ሁለት ነገር አለ። አንዱ የሥራ ዓይነትሽ፣ የአገልግሎት ዘመንሽና ደመወዝሽ የተገለጸበት የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ሌላው ጡረታሽ ነው። ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ መግባት ነበረበት፤ በወሊድ ፈቃድ ላይ የነበርሽባቸው ወራትም ደመወዝ የተከፈለባቸው ናቸውና መዋጮአቸው መግባቱን ክሊራንስ ከመጨረስሽ በፊት አረጋግጪ።